የኩብራ ድስት

እማማ ታይቱ ልጃቸውን ያገኟት አጥር ሥር ተንበርክካ ነው። ረፋዱ ላይ ከቦኖው ውኃ ቀድተው ሲመለሱ፣ ሠላማዊት የሰባት ወር ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው የቀርቀሃውን አጥር ጨብጣ፣ ዶሮ በሚሾልክበት ቀዳዳ ላይ አፍንጫዋን ደቅና ዓይኗን ጨፍናለች። የወደቀች መስሏቸው ጀሪካኑን ጥለው ሮጡ። ኋላ ነው ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩት። እያሸተተች ነው! ከቀዳዳው ወዲያ፣ ከጎረቤቷ ከኩብራ ማድ ቤት፣ እስኪጠቁር የተቁላላ ሽንኩርትና ሌላም ስሙን የማያውቁት ነገር ይሸታል። የልጅቷ ጉንጭ በእንባ ርሷል። እማማ ታይቱ ምድር ዞረችባቸው። አሳድገው፣ አስተምረው፣ በወግ በማዕረግ የዳሯት ልጅ የሰው ድስት በአጥር ቀዳዳ ታሽት?

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ሰው ቢያይሽስ?»

«ምንም አልሆንኩ እምዬ። ማሽተት ብቻ ነው፤ አልበላሁም» አለች ሠላማዊት፣ አንድም ሰው በላሽ ሳይላት።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። አምሮት ነው። ያማራት ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የእስላም ሥጋ ነው።

እማማ ታይቱ ወደ መተማ ዮሐንስ የወረዱት ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ጥምቀትን ዳባት አክብረው፣ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው፣ በጥር ፀሐይ እንደ ሰም እየቀለጡ ደረሱ። ከደረሱ ወዲህ ግን ልጅቷ አፏ ምግብ አልያዘም። ሽሮ ሲሰጧት ትመልሰዋለች፤ አጥሚት ሲሰጧት ገና ሽታው ይበቃታል። ዓምና አንድ ጽንስ በአምስት ወሩ ወጥቶባታል። ይኼንንም እናቷ የሰሙት ከሷ አይደለም፣ ከዳባት ገበያ ከሰው አፍ ነው። ለምን አልነገርሽኝም አላሏትም፤ እሷም ልንገርሽ አላለችም። ነገሩ በሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ አብሯቸው ምሳ ይቀርባል። ትናንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንዷን ለክታ ከንፈሯን መጠጠችና፣ እስከ ነገ የሚረጋላት ነገር ካልበላች ወደ ጎንደር ትሂድ አለች። በአፍ ቀላል ነው። መንገዱ ያው መንገዱ ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ቢከፈትስ የሰባት ወር ሆድ ያን ሁሉ ጉድጓድ እንዴት ይችላል?

ኩብራን በክፉ የሚያነሳት ሰው የለም። የጀይሉ ሚስት ናት፤ ባሏ ኬላው አጠገብ ከድንበር ማዶ ከገላባት የሚመጣ ሳሙናና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። እሷና ሠላማዊት እሳትም ጨውም ወንፊትም ይዋዋሳሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ልጅ ትይዛለች። ሥጋ የነካ ዕቃ ብቻ ነው ያን አጥር የማያልፈው። ማንም ደንግጎት አይደለም። አባትም አያትም እንዲሁ ኖሯል። ሠርግ ሲሆን ለእስላሙ የሚታረደው ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ የሚታረደው ለብቻ፣ ድስቱም ለብቻ፤ ዘፈኑና ጭፈራው ግን አንድ ላይ። ስለዚህ ኩብራ ቅመሽ አትላትም፤ ሠላማዊትም አቅምሺኝ አትላትም። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ጨዋነት አንዳንዴ ሰው ያስርባል።

«ድስቱን በጣደች ቁጥር ነው የምትመጪው?» አሉ እማማ ታይቱ።

ሠላማዊት አንገቷን ደፍታ በጣቷ አፈሩን ጫረች። ይኼ ነው እናቲቱን የቆረጣቸው። «በይ ተነሽ» አሉና ብብቷን ይዘው አነሷት። «እሷ የምትሠራውን እኔም እሠራዋለሁ። በራሳችን ሥጋ፣ በራሳችን ድስት። ታይቱ ወጥ አቅቷት አያውቅም!»

አሠራሩን ለመጠየቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኩብራ ቤት ዞሩ። ቤቱ ውስጥ ረፊቃ ተቀምጣለች። ረፊቃ የትልቁ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ወርቋ እስከ ክርኗ ነው፤ ያየችውን ሳትናገር አታድርም፤ ያላየችውንም እንዲሁ። እማማ ታይቱ ብቅ ሲሉ ኩብራ ከድስቱ ላይ ቀና አለች፣ ደነገጠችና ክዳኑን አንስታ ግጥም አድርጋ ከደነችው።

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» አለች፤ እጇ ግን ከክዳኑ ላይ አልተነሳም።

ኧረ በቁሜ! ቡዳ መሰልኳት እንዴ? አሉ እማማ ታይቱ በሆዳቸው። የመጡበት ነገር ግን ከኩራታቸው ይበልጣልና ዋጥ አድርገው ጠየቁ። ኩብራ ወደ ረፊቃ አየት፣ ወደ ድስቱ አየት፣ ተንተባተበች። «ወይካ ነው እማማ። የደረቀ ባሚያ ተወቅጦ። ሽንኩርት እስኪጠቁር ይቁላላል፣ የደረቀ ቲማቲም፣ የለውዝ ልቁጥ… በኪስራ ይበላል።» «ሥጋውስ?» «ሥጋውማ… ያው ሥጋ ነዋ።» ረፊቃ ከተቀመጠችበት «የኩብራ ሥጋ ሰፈሩን አላስቀምጥ ብሏል እኮ! ጀይሉን አላህ ይስጠው፣ ዘንድሮም አልጎደለባችሁም» አለች። ኩብራ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ከጥርሷ አላለፈም። ወይካውን ከሻይ ሻጯ ከዘሀቢያ ያገኙታል፣ ኪስራም አላት ብላ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

መቼም የመተማ ጎዳና ላይ ወጥቶ ሳይርበው የሚመለስ ሰው የለም። እማማ ታይቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከውኃ ቦኖው አልፈው ሄደው አያውቁም ነበርና ዛሬ ዓይናቸው ማረፊያ አጣ። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች እስከ ኬላው ተሰልፈዋል። በመካከላቸው ባጃጅ እንደ አይጥ ይሾልካል። ለማሽላ አጨዳ ከወሎና ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ፉል ቤት በራፍ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ፉሉ ላይ ዘይቱን ጨምርልኝ፣ አልጨምርም እየተባለ ሙግት ነው። አንዱ የተፈጨ ሽምብራ ድቡልቡል እያደረገ በፈላ ዘይት ይጠብሳል። ሌላው ከሽንፋ ወንዝ የወጣ ዓሣ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ዱላ ጫፍና ጫፍ ላይ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ፣ ማንንም ሳይነኩ በሰው መሐል ያልፋሉ። ሁሉም ይበላል፤ ሁሉም እየበላ ያወራል። በዳባት ሰው ሲበላ በር ገርበብ ይደረጋል፣ ዓይን እንዳይገባ። «እዚህ አገር ከኩብራ በቀር የሚከድን የለም ማለት ነው» አሉ እማማ ታይቱ፤ ያቺ ክዳን ገና አልለቀቀቻቸውም።

ዘሀቢያ ሻይ የምትሸጠው ኒም ዛፍ ሥር ነው። ወዲያ ማዶ ጦርነቱ ሲነሳ ከገዳሪፍ ተሰዳ የመጣች ረጅም ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛውን ከሹፌሮች ለምዳዋለች፣ ስለዚህም ትንሽ ይሻክራል። ጥላው ሥር አጫጭር መቀመጫዎች ደርድራለች። ሹፌሩም፣ ደላላውም፣ ዲያቆኑም ጉልበታቸውን ጆሯቸው ድረስ አጥፈው የዝንጅብል ሻይዋን ይጠጣሉ።

«ተፈደሊ፣ ያ ሐጃ! ተቀመጪ» አለቻቸው።

«ምን ሐጃ አመጣው? ክርስቲያን ነኝ!» ማተባቸውን አውጥተው አሳዩዋት።

«ማሊሽ፣ አይክፋሽ። እዚህ እናት ሁሉ ሐጃ ነው» አለች ዘሀቢያ ሳትደነግጥ፤ ጠጪዎቹ ሳቁ፤ እማማ ታይቱም ሳያስቡት ከንፈራቸው አመለጣቸው። ወይካውን በጣሳ ሰፈረችላቸው፣ መቶ ብር አለች፣ አንዲት ሳንቲም አልቀንስም አለች። እርጉዝ ልጅ አምሯት መሆኑን ስትሰማ ግን ዋጋውን ሳትነካ ሌላ ግማሽ ጣሳ መረቀችበት፤ በቀጭኑ እንደ ወረቀት የተጋገረ የማሽላ ኪስራም አጥፋ ጨመረችላቸው። «ኩብራ ነው ያስተማረሽ? እሷ ዘንድሮ ወይካ ብዙ ይወስዳል። በፊት እንዲህ አይደለም» አለች። እማማ ታይቱ ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፉትም። ሥጋ ቤት ለመድረስ ነው የቸኮሉት።

ባለሥጋ ቤቱ አስማረ ጎንደሬ ነው፤ በሩ ላይ መስቀል ተስሏል፣ ውስጡ ዝንብና ጨዋታ ሞልቶታል። ለወይካ ወጥ የሚሆን ቁረጥልኝ ሲሉት ቢላዋውን አየር ላይ አቆመው። «ኧረ እማማ! ከደጋ በወረዱ በሳምንትዎ ሱዳን ሆኑ እንዴ?» «ዝም ብለህ ቁረጥ፤ ጠማማ!» ግማሽ ኪሎ ጭቅና ገዙ። ዋጋው ዳባት ቢሆን የበግ ጠቦት ባይገዛ እግሩን ይገዛ ነበር። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ፌስታላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ልጄ ዛሬ ትበላለች፣ ልጄ ዛሬ ትበላለች እያሉ ተመለሱ።

ድስቱ ሳይሆን ከሰሉ አስቸገራቸው። ሲያያዝ ኩብራ ከአጥሩ ወዲያ ቆመች። ማማሰያዋን፣ ሱዳኖች ወይካ የሚመቱባትን ባለ መንታ ጫፍ እንጨት፣ ወደ ቀዳዳው አስጠጋችና መልሳ ያዘችው። እማማ ታይቱ አዩዋት። «ተይው ልጄ፣ ዕቃሽን አላረክስብሽም» አሉና የራሳቸውን ማማሰያ በሁለት መዳፋቸው መሐል ያሹት ጀመር። እንዲህ ሆኖ አንዷ እየሠራች፣ ሌላዋ ከአጥር ማዶ እያዘዘች ወጡ ተጀመረ። «ሽንኩርቱን እንዳያወጡት እማማ፣ ገና ይጥቆር!» ትላለች ኩብራ። «ኧረ አረረ!» «ይረር! አሁን ወይካውን በተን በተን እያደረጉ፣ እንዳይጓጉል!» «ሥጋውንስ መቼ ልጨምረው?» ኩብራ ፊቷን ወደ ማድ ቤቷ አዞረች። «ሥጋውን… እንግዲህ… እርስዎ እንዳዩት።» እማማ ታይቱ ግራ ገባቸው። ሽንኩርት ሲያርር በደቂቃ የምታውቅ ሴት ሥጋ መቼ እንደሚገባ አታውቅም?

ወጡ ደረሰ። ወዙ ግጥም ብሎ፣ ሥጋው ከላይ ተንሳፎ፣ ለጳጳስ የሚቀርብ ሆነ። እማማ ታይቱ ኪስራውን ቆርሰው፣ ጠቅለል አድርገው፣ «እንቺ እናቴ፣ በሞቴ» ብለው አጎረሷት። ሠላማዊት አኘከች። ዓይኗ እናቷ ላይ ነው፤ ለእናቷ ስትል ልትውጠው ታገለች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ያልዋጠችውን ብቻ አይደለም፣ የሌላትንም አወጣች። ስትመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ይኼ አይደለም እምዬ። የሥጋው ሽታ ነው… ይኼ አይደለም።»

እማማ ታይቱ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። የጠዋቱ ፀሐይ፣ መንገዱ፣ ጭሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ እላያቸው ላይ ወደቀ። አለቀሱ። ልጃቸው ፊት አልቅሰው አያውቁም ነበር። «ዓምና ባትነግሪኝም አውቄያለሁ» አሉ በመካከሉ፤ ለምን ያን ጊዜ እንደወጣቸው እሳቸውም አያውቁት። «ዓምና ብቻሽን ነው የቀበርሽው። ይኸኛውንስ ቁጭ ብዬ ልይ?» ሠላማዊት አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «አንቺን አሳዝናለሁ ብዬ ነው እምዬ» አለች። ይኼችን ለመባባል ዓመት ፈጀባቸው።

ከአጥሩ ወዲያ ኩብራ አልሄደችም ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማማ ታይቱ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ረፊቃ ሄዳለች።»

«ብትሄድስ ምን ላድርጋት?»

«ሥጋ የለበትም።»

«ምኑ?»

«የኔ ድስት። ሥጋ የለበትም እማማ። ከክረምት ወዲህ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።» ቀጠለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ኬላው ሲዘጋ ሲከፈት የጀይሉ ሱቅ መደርደሪያው ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ ወይካ በባዶ ይበላሉ። ሽንኩርቱን እስኪጠቁር የምታቁላላው፣ ለውዙን የምታበዛው፣ ሽታው መንገድ ድረስ እንዲሄድና የጀይሉ ቤት ሥጋ አጣ እንዳይባል ነው። «ረፊቃ እንዳታይ ነው የከደንኩት። እርስዎን አይደለም፤ ወላሂ እርስዎን አይደለም።»

«ታዲያ ለጓደኛሽ አትነግሪያትም ነበር?»

«ነውር ሆነብኝ። እሷም እኮ አምሮኛል አላለችኝም።»

«የእስላም ሥጋ አማረኝ ተብሎ እንዴት ይነገራል?» አለች ሠላማዊት ከመሬቱ ላይ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በነዚህ ሁለት ሴቶች ባለመናገር ሕፃን ሊቀር ነበር!

ኩብራ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ በዶሮዋ ቀዳዳ አሳለፈች። እማማ ታይቱ ተቀበሉና ለአፍታ ትኩር ብለው አዩት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልተሻገሩት አጥር ነው። ሴትየዋን ማመንና አለማመን ደግሞ ዛሬ በአንድ ጣት ላይ ነው ያለው። «በስመ አብ» ብለው አማተቡ፣ ጣታቸውን አጥቅሰው ቀመሱ። በምላሳቸው ፈለጉት፤ ሽንኩርት አለ፣ ለውዝ አለ፣ የወይካው ልዝብታ አለ። ሌላ ምንም የለም። «ኧረ አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ። «ይኼ እኮ ለዓቢይ ጾም ይሆናል!»

ሠላማዊት የእናቷን ፈቃድ አልጠበቀችም። ሳህኑን ነጠቀች። ኪስራውን ሳታጣፍ፣ ሳትጠቀልል፣ በአምስቱም ጣቷ ገባችበት። እማማ ታይቱ ትመልሰዋለች ብለው ባልዲ አስጠጉላት። ባልዲው ባዶውን ቀረ። ልጅቷ ሳህኑን በጣቷ ጠረገች፣ ጣቷን ላሰች፣ አገሳች፣ ከዚያም ግድግዳውን ተደግፋ ሆዷን ያዘች። «ረገጠኝ» አለች። «እምዬ፣ ረገጠኝ!» እናቲቱ እጃቸውን ጣሉበት። እውነትም ይራገጣል፤ እሱም ከርሞ መብላቱ ነው። ተመስገን፣ ተመስገን አሉ፤ ጎንደር መውረዱም መውጣቱም በዚያው ቀረ። የጭቅናውን ወጥ ማታ ባሏ ደረበ ከኮኪት እርሻ ከትራክተሩ ሲመለስ ይበላዋል፤ ለትራክተር ነጂ ምን ጊዜም ሥጋ ሥጋ ነው።

እማማ ታይቱ ጓዳ ገብተው ቅሉን አወረዱ። ለአራስ ገንፎ ብለው ከዳባት ያመጡትን ቅቤ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ቆርጠው፣ በንጹሕ ቅጠል ጠቅልለው፣ በቀዳዳው አሳለፉት። ቅቤ ሃይማኖት የለውም። «ይኼ እንዴት ይሆናል እማማ?» አለች ኩብራ። «ዝም በይና ልጆችሽን አብዪበት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ እኔ እኮ ስሄድ ይህችን ልጅ የምጥላት ባንቺ ላይ ነው።» ኩብራ ቅጠሉን ተቀብላ ቆየች። «እማማ፣ ያልኩዎትን… ሰው እንዳይሰማ። አደራ።»

ፀሐይ ዘንበል ሲል ረፊቃ በበሩ አለፈች፤ አምባሯ ከሷ ቀድሞ ይሰማል። ጭንቅላቷን ወደ ግቢው አስገባች። «ነፍሰ ጡሯ በላች እንዴ?» «በላች፣ ይመስገነው። የሠራሁላትን በላች።» ረፊቃ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አዙራ ሳብ ሳብ አደረገች። «ይኼ የሚሸተውስ?»

እማማ ታይቱ ማተባቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። በስልሳ ዓመታቸው ዋሹ ተብለው አያውቁም፤ ሲዋሹ ደግሞ በትንሹ ለመዋሸት አልፈለጉም። ድምፃቸውን መንገዱ ድረስ እንዲሰማ አድርገው ለቀቁት።

«የኩብራ ሥጋ ነዋ! እስቲ አንቺ ንገሪልኝ በሞቴ! ጠዋት ሥጋ፣ ማታ ሥጋ፤ ጎረቤቷን በወጥ ሽታ ልትፈጀን ነው እኮ!»

«ብዬ የለ!» አለች ረፊቃ፤ አምባሯን እያንቃጨለች ለሌላው ቤት ልትነግር ሄደች። ከአጥሩ ወዲያ ኩብራ ትሳቅ ታልቅስ አልለዩም፤ ብቻ የድስቱ ክዳን ሲነሳ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ ሲከደን አልተሰማም።

«እምዬ» አለች ሠላማዊት ከውስጥ፣ «ትንሽ ይደገመኝ።»

እማማ ታይቱ ባዶውን ሳህን ይዘው አጥሩ ሥር ተንበረከኩ።